ሎከራችን ሲከፈት



ስለ ልብስ ለመጻፍ የተነሳንበትን ምክንያት ሳንደብቅ እንጀምር። ባለፈው ዓመት ለተመራቂ እህቶቻችን መሸኛ ፕሮግራም አንድ ዓይነት አባያ ለማሰፋት ተስማምተን ነበር። ጨርቁ ተመረጠ፣ የእጅጌው ጥልፍ ተመረጠ፣ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ተመደበ። «ተስማምተን ነበር» ስንል በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የተቃወመ አልነበረም ማለታችን ነው። በዕለቱ ፎቶው አምሮ ወጣ። ለሦስት ዓመት መስጂዱን ስትጠርግና ለፍሬሽ ተማሪዎች ቁርኣን ስታቀራ የቆየች አንዲት እህታችን ግን ፎቶው ላይ የለችም። ያኔ «አሞኛል» ብላ ነበር። እንዳላመማትና የአባያውን ገንዘብ ቀደም ብላ ወደ ቤት ልካው እንደነበር የሰማነው ከተመረቀች በኋላ ከራሷ አንደበት ነው። ስሟን ሳንጠቅስ እንድንጽፈው ፈቅዳልናለች።

ያ አባያ ሐላል ነበር። ሰፊ ነበር፣ አያሳይም፣ አያጣብቅም። ስለ ልብስ በየሐለቃው የምንማማረውን መስፈርት ሁሉ ያሟላ ነበር ማለት ይቻላል። ነገር ግን አንዲትን እህት ከጀመዓዋ ለየ። ስለዚህ በዚህ እትም «ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም» ከሚለው ትንሽ ወጣ ብለን፣ ተማሪ የሆነ ሙስሊም ባለችው ሳንቲም፣ በተመደበበት አየርና በሚማረው ትምህርት ልክ እንዴት ይልበስ የሚለውን እንነጋገራለን።

መጀመሪያ ግን መሠረቱን። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አዕራፍ 26ኛው አንቀጽ ላይ ለአደም ልጆች ስለ ሰጠው ልብስ ሲናገር ሁለት ጥቅሙን ያነሳል፤ ገላን መሸፈኛነቱንና ጌጥነቱን። ከዚያም የተቅዋ ልብስ ከሁሉም እንደሚሻል ይነግረናል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ይዘን መሐል ያለውን እንዘለዋለን። ጌጥነቱ ግን የተጠቀሰ ነው። እዚያው ሱራ 31ኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ በየመስገጃው ስፍራ እንድናጌጥ ያዘናል፤ ወዲያውም ማባከንን ይከለክላል። ማማርና አለማባከን በአንድ አንቀጽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው የታወቀ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኩራት ሲናገሩ አንድ ሰው ጥሩ ልብስና ጥሩ ጫማ መውደዱ ኩራት ይሆንበት እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። እሳቸውም አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ግን እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ እንደሆነ አስረዱ። ይህ ሐዲስ ጥሩ ለባሹን ነፃ ያወጣዋል፤ በሌላው አለባበስ ላይ ከንፈሩን የሚመጠውን ደግሞ ያስጨንቀዋል። በቀዳዳ ጫማ ላይ የሚስቅም፣ «አለባበሷ እንኳን ሳይስተካከል ጀመዓ ትመጣለች» የሚልም እዚያው ሐዲስ ውስጥ ራሱን ይፈልግ።

ዑለማዎች «ሊባሱ ሹህራ» የሚሉት ነገርም አለ፤ ሰው እንዲያወራለት ተብሎ የሚለበስ ልብስ ማለት ነው። አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጀህ ይህን የሚያስጠነቅቅ ሐዲስ ዘግበዋል። ዑለማዎቹ ሲያብራሩት ጉዳዩ በውድና በሚያብረቀርቅ ልብስ ብቻ እንደማያበቃ ይነግሩናል። ሆን ብሎ የተቀዳደደ ለብሶ «ዛሂድ ነው» እንዲባል የሚፈልግም በዚያው ውስጥ ይገባል። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) አሚር ሆነው ሳሉ በትከሻቸው መሐል ሦስት እላቂ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ እንደታየ አነስ (ረ.ዐ) ማውራታቸው በሙወጠእ ተዘግቧል። እሳቸው የጣፉት ልብሱ ስለተቀደደ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ጉልበቱ ተቀድዶ በውድ የሚሸጠውን ጂንስ ግን በምን እንደምናብራራው እንጃ!

ስለ ወሰኑ ብዙ አንልም፤ ይህ ገጽ የፈትዋ ገጽ አይደለም፣ ዝርዝሩን ከኡስታዞቻችን ጠይቁ። ለእህቶች ሱረቱ ኑር 31 እና ሱረቱል አሕዛብ 59 መነሻ ናቸው። ለወንዶችም ሱረቱ ኑር 30 አለች፤ ከእህቶች አንቀጽ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት፣ ይህን ብዙ ወንድሞች የሚረሱት ይመስለናል። የወንድ ዐውራ በአብዛኛው ዑለማ ዘንድ ከእምብርት እስከ ጉልበት ነው፤ ሐርና ወርቅም ለወንድ አይፈቀድም። ከኋላችን ባለው ሶፍ የሚሰግደው ወንድም የሚያየውን እኛ አናየውም። ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስና አጭር ቲሸርት ቆመን ስናያቸው ደህና ናቸው፤ ሱጁድ ላይ ግን ቲሸርቱ ወደ ላይ ይሸሻል፣ ሱሪው ወደ ታች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ረዘም ያለ ሸሚዝ ወይም ሱሪ ውስጥ የሚገባ ረጅም ካናቴራ። ልብስ ስትገዙ መስታወት ፊት ቆማችሁ ብቻ አትመልከቱ፤ አጎንብሱና ሞክሩት።

ከጀርባ የሚነበብ ጽሑፍም ሌላ ፈተና ነው። ከሰልባጅ ተራ በርካሽ የተገዛች ቲሸርት ነበረች፣ የአንዱ የዝግጅት ክፍላችን አባል ንብረት፤ ቀለሟ ደስ ይላል። በመግሪብ ሶላት ፊተኛው ሶፍ ላይ ለብሷት ቆመ። ከኋላው የነበሩት ሁሉ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ የቢራ ማስታወቂያ እያነበቡ ሰገዱ። ባለቤቱ ለአንድ ሴሚስተር ሙሉ ለብሷታል፣ ጀርባውን አይቶት አያውቅም። እንደ ቀልድ አወራነው እንጂ ነገሩ ሱና ውስጥ መሠረት አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ባለው ልብስ ሰግደው ጥለቱ ሐሳባቸውን ስለሳበው ልብሱን ወደ አቡ ጀህም እንዲመልሱትና በምትኩ ጥለት የሌለውን የእርሱን ልብስ እንዲያመጡላቸው አዘዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የእሳቸው ሐሳብ በጥለት ከተሳበ የእኛ በፊደል ቢሳብ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ ጨርቁ እንግባ። የምንለብሳቸው አባያዎች አብዛኛዎቹ፣ ኒዳም ይባሉ ክሬፕ፣ ከፖሊስተር የተሠሩ ናቸው። ፖሊስተር ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ቀለሙ አይለቅም፤ ለዶርም ሕይወት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ላብ ግን አይጠጣም። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ለሞቃት አገር ይመቻል፤ በአንጻሩ ይጨማደዳል፣ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይነጣል። ሺፎን ሻርፕ ስስ ነው፣ ይንሸራተታል፤ ከሥሩ ሌላ ካልተደረበ ፀጉር ያሳያል። ጀርሲ የሚባለው የሚሳብ ጨርቅ ስፒል አይፈልግም፣ ለፈተና ቀን ይመቻል፤ ለቀሚስ ሲሆን ግን ገላ ላይ ይለጠፋል።

ሻጩ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ሲል እንዴት ይታወቃል? ከስፌቱ ጫፍ አንድ ክር ምዘዙና ደጅ ላይ፣ ከዶርም ውጪ፣ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ ሲነኩት የሚበተን ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲበርድም እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር እንክብል ይሆናል። የተቀላቀለ ከሆነ ከሁለቱም ያሳያል። ስስነቱን ለማወቅ ደግሞ እጃችሁን ከጨርቁ ሥር አግብታችሁ ወደ ፀሐይ ያዙት፤ የጣቶቻችሁ ቅርጽ ከታየ ከውስጥ የሚደረብ ያስፈልገዋል። ሱቅ ውስጥ ባለው አምፖል የማያሳይ ቀሚስ ከላይብረሪ ስትወጡ ከኋላችሁ በሚመጣው ፀሐይ ሊያሳይ ይችላል።

የቀለጠው ክር ነገር ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ ይወስደናል። የኬሚስትሪ ላብ የምትገቡ እህቶች፣ ፖሊስተር ሻርፕ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ይቃጠላል፣ ግን አይቀልጥም። ለላብ ቀን ጥጥ ያለበት፣ አጠር ያለ ሻርፕ ለዩ፤ ጫፎቹን ጋውኑ ውስጥ አስገቡ። የምህንድስና ተማሪዎች ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ። የሚሽከረከር ሌዝ ማሽን የተንጠለጠለ ጨርቅ ከያዘ የሚለቅበት ጊዜ የለውም። እዚያ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር፣ ሰፊ እጅጌም ጭምር፣ አይገባም። እጅጌውን የሚይዝ ላስቲክ ማሰፋት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ወንድሞችም ጀለብያ ለብሳችሁ ዎርክሾፕ አትግቡ። የጤና ተማሪዎች ለሆስፒታል ልምምድ የተለዩ፣ በየቀኑ የሚቀየሩና የሚታጠቡ ሻርፖች ያዙ። ኦፕሬሽን ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ስለ ራስ መሸፈኛው ከኃላፊው ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ተራው ደርሶ በር ላይ ቆሞ መከራከር ለማንም አይበጅም።

አየሩም ሌላ መምህር ነው። ምደባ ሲወጣ የሰመራ ልጅ ደብረ ብርሃን ይደርሰዋል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ቀጭን ሽርጡንና ሸበጡን ይዞ። የደብረ ብርሃኗም ሹራቧን ሞልታ ድሬዳዋ ትወርዳለች። ፍሬሾች ሆይ፣ የመጀመሪያውን ወር በያዛችሁት አሳልፉ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚገዛ ልብስ ብዙውን ጊዜ በድንጋጤ የሚገዛ ነው። ለብርድ አገር አንድ ወፍራም ነገር ከመግዛት ስስ ስስ ነገሮችን መደራረብ ይሻላል፤ ጠዋት ሦስት ተለብሶ ቀትር ላይ አንዱ ይወልቃል። አባያ ከላይ ሰፊ ስለሆነ ከሥሩ ሹራብም ታይትም ይችላል። ጋቢ ከቤት ያመጣችሁ ደግሞ አትፈሩበት፤ ንጋት ላይ ለሱብሒ ስትወጡ ከጋቢ የሚበልጥ ጃኬት አላየንም።

አንዳንድ እህቶቻችን የሚያነሱትን ጥያቄ እዚህ ላይ እናንሳ። «ጥቁር አባያ ካልሆነ አይሆንም ወይ?» ጥቁር አባያ ብዙዎቻችን ቤት የገባው አረብ አገር ከሠሩ እናቶቻችንና እህቶቻችን ሻንጣ ነው፤ የላባቸው ውጤት ነውና እናከብረዋለን። የሚፈለገው ግን መሸፈኑ ነው፣ ቀለሙ አይደለም። የሐረር እናቶች በደማቅ አትላሳቸው፣ የሶማሌ እናቶች በጋርባሳራቸው፣ የወሎ እናቶች በሰፊ ቀሚሳቸውና በሻሻቸው ዘመናትን ሰግደዋል። የወሎ አባቶች ሽርጥ፣ የሀላባ አባቶች ረጅም የሳር ባርኔጣም የዚህ ዲን ሰዎች ልብስ ናቸው። አያታችሁ የምትለብሰውን ቀሚስ ሰፋና ረዘም አድርጋችሁ ግቢ ውስጥ ብትለብሱት ማንም አይከለክላችሁም። በእኛ አስተያየት እንዲያውም ከሁሉ ያምራል።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን የምንሸሸው እዚህ ጋ ነው። ለስሌት ያህል አንድ የ4,000 ብር አባያ እናስብ፤ ጥልፍ ስላለው ለኒካሕና ለዒድ ብቻ ይለበሳል፣ በዓመት አራት ጊዜ። በአንድ ዓመት ውስጥ እያንዳንዱ ልብሰት 1,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። የ1,500 ብር ጉርድ ቀሚስ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ለ30 ሳምንታት ቢለበስ 60 ጊዜ ይሆናል፤ እያንዳንዱ 25 ብር ነው። የዒድ ልብስ አይገዛ አላልንም። ዒድ ዒድ ነው። ነገር ግን በየቀኑ የምንለብሰው ነገር ላይ ሳስተን በዓመት አራቴ የምንለብሰው ላይ እንለቃለን። በጎ ነገሩ፣ ርካሹ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ በሁለት እጥበት ስፌቱ የሚለቅ ሱሪ ሁለቴ ይገዛል። ስትገዙ ገልብጡትና ስፌቱን ጎትታችሁ እዩ፤ እጥፋቱ ውስጥ የተረፈ ጨርቅ ካለ ነገ ልብስ ሰፊ ሊያስረዝመው ወይም ሊያሰፋው ይችላል።

እኛ ራሳችን ያደረግነውን እንንገራችሁ። አንድ ቅዳሜ ሎከራችንን ከፍተን ያለንን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረገፍነው። ባለፈው ሴሚስተር ያልተለበሰውን ወደ አንድ ጎን አደረግን። ከመካከላችን አንዷ ዘጠኝ ጥቁር ሻርፕ እንዳላት ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ በሳምንት የምትለብሰው ግን ያችኑ ሁለቱን። አንዱ ወንድም ሰባት ቲሸርት ወጣለት፣ ለጁምዓ የሚሆን አንድም የለውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሥራ ልብስ ሌላ ለጁምዓ የሚሆን ጥንድ ልብስ መያዝን እንዳበረታቱ አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጀህ ዘግበዋል። አዲስ መሆን የለበትም፤ የተለየና የታጠበ ይሁን። ለሶላት ብቻ የምትሆን አንድ ንጹሕ ነገር፣ ቀሚስ ብትሆን ሽርጥ፣ በፌስታል አስሮ ማስቀመጥም ውሃ በጠፋ ሳምንት ከብዙ ጭንቀት ያድናል። ከነጃሳ መጥራት የሶላት ጉዳይ ነውና።

ውሃ ካነሳን አይቀር፣ ጥቁር ልብስ ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ። በረኪና ባለቀለም ልብስ አጠገብ አይድረስ። ፖሊስተር አባያ ላይ የጋለ ካውያ በቀጥታ ካረፈ ጨርቁ ያብለጨልጫል፣ ያ ደግሞ አይመለስም፤ በመሐል ስስ ጨርቅ ጣል አድርጉ። ካውያ ከሌለ ሳትጨምቁ ውሃው እየተንጠባጠበ ስቀሉት፣ ክብደቱ ራሱ ይተኩሰዋል። እርጥብ ልብስ ሎከር ውስጥ መቆለፍ ሻጋታ መጥራት ነው። ቁልፍ መትከልና የለቀቀ ጠርዝ መያዝ ደግሞ ወንድ ሴት ሳይል ይማር። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፉ፣ ጫማቸውንም ይጠግኑ እንደነበር ነግረውናል። «መርፌ የሴት ሥራ ነው» የሚል ወንድም ካለ ይህን አንብቡለት።

ከዚያ አልጋ ላይ የተረፈው ልብስ ነው ወደ መጀመሪያው ነገራችን የሚመልሰን። የማንለብሰውን መስጠት ጥሩ ነው፤ ግን ሱረቱል በቀራህ 267 ላይ እኛ ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ የማንቀበለውን መጥፎ ነገር ለይተን እንዳንሰጥ ተነግሮናል። ብብቱ የነጣ አባያና ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ሰደቃ ሳይሆን ከሎከር ማስወጫ ነው። አስጠግኑትና አምጡት፣ ካልሆነ ለመወልወያ ይሁን።

ሹራ ካደረግን በኋላ ለዘንድሮ ተመራቂዎች የወሰንነው ይህ ነው። በመሸኛው ዕለት አንድ ዓይነት ልብስ አይሰፋም። ሁሉም ካለው የሚወደውን ታጥቦ ተተኩሶ ይለብሳል። ውሳኔው ላይ ቅር ያላቸው እህቶች አሉ፣ «ፎቶው አይደምቅም» ብለዋል፤ እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። በተጨማሪ የልብስ ማዋሻ ሳጥን ከፍተናል፤ እስካሁን 14 አባያ፣ 6 ጀለብያና 3 ሱፍ ገብቶበታል። ለምረቃ፣ ለፕሬዘንቴሽን ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚፈልግ ይወስዳል፣ አጥቦ ይመልሳል። የወሰደው ሰው ስም አይጻፍም፤ የሚጻፈው የልብሱ ቁጥር ብቻ ነው። የእህቶችን ሳጥን እህት፣ የወንድሞችን ወንድም ይይዛል፤ ሰዓቱም ማክሰኞና ሐሙስ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ነው። ቁጥሮቹን በየልብሱ አንገት ላይ የምትሰፋልን እህት አግኝተናል፤ ነጭ ክርና ሁለት መርፌ ግን ጎድሎናል።